የትልልቅ ዱባ ሐረግ ጠባዩ ሲለወጥ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰበታ ጓሮዬ ውስጥ የተከልኩት አትላንቲክ ጃያንት የተባለው ትልልቅ ፍሬ የሚያፈራ የዱባ ዝርያ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ጠባዩን ለወጠ። እንደ አውራ ጣት ድቡልቡል የነበረው ዋናው ሐረግ ከአሥረኛው ቅጠል ወዲያ እንደ መቀነት ተጠፈጠፈ፤ ወርዱ ሦስት ጣት ሞላ። በየአንጓው አንድ ቅጠል ያወጣ የነበረው አሁን ሦስት አራቱን አጠጋግቶ ያወጣል። ጎረቤታችን እማማ አዩትና «ልጄ፣ በሽታ ነው፤ ሌላው ላይ ሳይዛመት ንቀለው» አሉኝ።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ ቸኩሎ መንቀል። ሐረግ የሚጠፈጠፈው የሚያድግበት ጫፍ አንድ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ ወደ ጎን ሲሰፋ ነው። ከዘሩ ሊመጣ ይችላል፤ ብርድ፣ በረዶ ወይም ነፍሳት ቀንበጡን ሲጎዱትም ይከሰታል። ባክቴሪያም የሚያመጣበት ጊዜ ስላለ የሚቆርጡበትን ቢላ ማጽዳት አይርሱ እንጂ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሌላ ተክል አይተላለፍም።

ሁለተኛው ስህተት ተቃራኒው ነው፤ እንደተጠፈጠፈ ትቶ ፍሬ መጠበቅ። እንዲህ ባለ ሐረግ ላይ ሁለት ፍሬ ተጣብቆ ሊወጣ ይችላል። እኔ ከሥሩ አጠገብ ከበቀሉት የጎን ሐረጎች ድቡልቡሉንና ጠንካራውን መረጥኩ፤ አንድ ሜትር ካለፈ በኋላ ዝናብ ባባራበት ቀን ጠፍጣፋውን ቆረጥኩት። ቁስሉ ቶሎ መድረቅ አለበት፤ እርጥበት ካገኘው ይበሰብሳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን የፀረ አረም ጉዳትን ከዚህ ጋር በማምታታት ነው። በእኛ አካባቢ የጤፍና የስንዴ ማሳ ቱ ፎር ዲ የተባለ ፀረ አረም ይረጫል፤ ዱባ ደግሞ ነፋስ ያመጣው ጥቂት ብናኝ ይበቃዋል። ጠፍጣፋነት በአብዛኛው አንድ ሐረግ ላይ ይታያል። ፀረ አረሙ ግን ለጋ ቀንበጦችን በአንድ ጊዜ እንደ ሜንጦ ያጣምማቸዋል፤ ቅጠሉ ይጠባል፣ ጅማቱ ይጠጋጋል፣ ጠርዙ ይዘረዘራል። ይህን ዩሪያ አያድነውም። ፀረ አረም በተረጨበት መርጫም ዱባ ላይ ምንም ነገር አይርጩ፤ ታጥቦም ቢሆን ቅሪት ይይዛል።

ዩሪያ ማብዛት ራሱ ሌላ ስህተት ነው፤ ሐረግና ቅጠል ይንዠረገግና ሴቴ አበባው ይዘገያል።

ፍሬው አጠገብ ሐረጉ ከመሬት ሲነሣ ደንግጠው ወደ ታች አይጫኑት። ዱባው ሲወፍር በትከሻው ያነሣዋል፣ ያ ጤነኛ ነው። አንጓው ሥር ሰዶ ከያዘው ግን የፍሬው አንገት ይሰነጠቃል። እኔ ከፍሬው ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ሁለት አንጓዎች ሥር በቢላ ቆርጬ ለቀቅኳቸው፤ በሳምንቱ ሐረጉ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሏል፣ አንገቱም ደህና ነው።