ቁስል ላይ ቅጠል ከማሰራችሁ በፊት፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሜቲሲሊን የተባለው አንቲባዮቲክ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1959 ነበር። በ1961 እሱን የተላመደ፣ ማለትም መድኃኒቱ የማይገድለው፣ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለ ቁስል የሚያመግል ባክቴሪያ እንግሊዝ ውስጥ መገኘቱ ተዘገበ። መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች እየበዙ ሲሄዱ ብዙ ተመራማሪዎች ወደ ዕፅዋት ፊታቸውን አዞሩ። ተስፋው እውነት ነው። ወሬው ከላብራቶሪ ወጥቶ ቤታችን ሲደርስ ግን ይጣመማል።

1. "ላብራቶሪ ውስጥ ገደለ" ሲባል "ቁስል ያድናል" ብሎ መስማት

ትልቁ ስህተት ይህ ይመስለኛል። ሙከራው የሚሠራው ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ ነው። የዕፅዋቱ ጭማቂ ይጨመርና ባክቴሪያው ያልበቀለበት ክብ ይለካል። ቁስል ውስጥ ግን ደምና መግል አለ። በውስጣቸው ያለው ፕሮቲን ንጥረ ነገሩን ይዞ አቅም ያሳጣዋል። ባክቴሪያዎቹም የሚያጣብቅ ሽፋን ሠርተው ከሥሩ ይደበቃሉ። በዚያ ላይ እነሱን የሚገድለው መጠን አዲስ የሚበቅለውን ሥጋም ሊጎዳ ይችላል።

2. ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ ማሰር

ነጭ ሽንኩርት ሲወቀጥ አሊሲን ይፈጠራል። አሊሲን መድኃኒት የተላመደውን ስታፊሎኮከስ ሳይቀር ላብራቶሪ ውስጥ ይገታል። ቆዳንም ያቃጥላል! ጥሬውን ለሰዓታት አስረው ውኃ በቋጠረ ቃጠሎ ሐኪም ቤት የመጡ ሰዎች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል፤ ሕፃናትም አሉበት። የተቃጠለ ቆዳ ደግሞ ለባክቴሪያ የተከፈተ በር ነው።

3. የተፈጥሮ ስለሆነ ንጹሕ ነው ማለት

ቅጠል አፈር ይዞ ይመጣል። አፈርና እበት ውስጥ መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣው ባክቴሪያ አለ። ንብ ከአበባ ቀስማ የምትሠራው ማርም ቢሆን፣ ለቁስል ሕክምና የሚዘጋጀው በጋማ ጨረር ጀርሙ ከጠፋ በኋላ ነው። ከገበያ የገዛችሁት ማር በዚህ መንገድ አላለፈም።

4. ዕፅዋትን የአንቲባዮቲክ ምትክ ማድረግ

እኔን በጣም የሚማርከኝ ምርምር ሌላ መንገድ ያሳያል። ስታፊሎኮከስ ቤርቤሪን የተባለው የዕፅዋት ንጥረ ነገር ሲገባበት በራሱ ፓምፕ መልሶ ያስወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ቤርቤሪን የሚሠሩ አንዳንድ ዕፅዋት ያንን ፓምፕ የሚዘጋ ንጥረ ነገርም አብረው ይሠራሉ። በቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለው ፒፔሪንም ላብራቶሪ ውስጥ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው አንቲባዮቲክ በስታፊሎኮከስ ላይ እንዲበረታ አግዟል። ዕፅዋቱ የአንቲባዮቲኩ አጋዥ የሚሆኑበት ተስፋ አለ ማለት ነው። ቁንዶ በርበሬ ቁስል ላይ ነስንሱ ማለት ግን አይደለም።

5. የአንቲባዮቲክ ካፕሱል ፈልቅቆ ዱቄቱን ከቅጠሉ ጋር መነስነስ

ይህን ፈጽሞ አታድርጉት። ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲላመድ ዕድል ትሰጡታላችሁ።

6. ሐኪም ቤት ሳይሄዱ መቆየት

ቁስሉን በሚፈስ ንጹሕ ውኃ እጠቡት፣ በንጹሕ ፋሻ ሸፍኑት። ቅላቱ ከሰፋ፣ ከሸተተ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣ ወዲያው ሐኪም ቤት ሂዱ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩ ላይ ቁስል ካየ እነዚህን ምልክቶች አይጠብቅ። ካልቸር (ከቁስሉ ናሙና ወስዶ ባክቴሪያውን የማብቀል ምርመራ) ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ የሚታወቀው በእሱ ነው። ቅጠል አድርጋችሁ ከነበረም ሳታፍሩ ለሐኪሙ ንገሩት።