ምንም ሳያምሽ የታዘዘልሽ ኪኒን፦ አሜሪካ ለገባሽ ነፍሰ ጡር

እዚህ በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል የሽንት ካልቸር (ባክቴሪያ መኖሩን ለማየት ሽንቱን ላብራቶሪ ውስጥ የማሳደግ ምርመራ) ይሠራል። ጥያቄውም ሁሌ አንድ ነው፦ «ምንም ሳያመኝ ለምን ኪኒን ታዘዘልኝ?» ሽንት ሳያቃጥልም ባክቴሪያ ሊኖር ስለሚችል ነዋ! እርግዝና የሽንት ቱቦን ያላላል፣ ማህፀንም ይጫነዋል፤ ሽንቱ ሲዘገይ ባክቴሪያው ወደ ኩላሊት ይወጣል። ካልታከመ ባክቴሪያው ካለባቸው 4 ሴቶች አንዷን ገደማ ለኩላሊት ኢንፌክሽን ይዳርጋል። ሰውነት ሲዋጋው የሚፈጠረው ብግነት ደግሞ ፕሮስታግላንዲን ያስመነጫል፤ ማህፀንን የሚያኮማትረው፣ የማህፀን በርንም የሚያለሰልሰው እሱ ነው። ምጥ ያለጊዜው የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። ባክቴሪያ ከብልት ሽቅብ ወጥቶ የእንሽርት ውሃውን ከረጢት ከነካም ሽፋኑ ይሳሳና ከ37 ሳምንት በፊት ሊፈስ ይችላል።

ብዙዎች የሚጎዱት ግን በውጤቱ አመጣጥ ነው። ካልቸር ከ2 እስከ 3 ቀን ይፈጃል። ውጤቱ በእንግሊዝኛ ፖርታልሽ (የክሊኒኩ የኢንተርኔት መዝገብሽ) ላይ ይገባል፣ መድኃኒቱ በቀጥታ ፋርማሲ ይላካል። የፖርታሉን የይለፍ ቃል የያዘው ባለቤትሽ ብቻ ከሆነ፣ ወይም የማታውቂውን ቁጥር የማታነሺ ከሆነ፣ ኪኒኑ ሳይወሰድ ይቀራል። አንዴ ደውለው፣ እንግሊዝኛ መልእክት ትተው ዝም የሚሉ ክሊኒኮች ያናድዳሉ፤ ቢሆንም ጉዳቱ ያንቺ ነውና በ3ኛው ቀን ራስሽ ደውዪ። «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» በዪ፤ አስተርጓሚ በነፃ ነው። ልጅሽን አታስተርጉሚ፤ ስለ ብልት ፈሳሽ በልጅ ፊት ማን በግልጽ ያወራል?

ሽንት ስትሰጪ ከፊት ወደ ኋላ ጥረጊ፣ የመጀመሪያውን ልቀቂና መሃሉን በዕቃው ተቀበዪ። አለዚያ ናሙናው ይበከልና እንደገና ትጠሪያለሽ። ኪኒኑ አብዛኛውን ጊዜ የ5 ወይም የ7 ቀን ነው፤ ቢሻልሽም ጨርሺው። ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ ዶክሲሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ግን እንዳትነኪ፣ የሕፃኑን ጥርስ ያበላሻል።

በ36ኛው ወይም በ37ኛው ሳምንት ግሩፕ ቢ ስትሬፕ ለሚባል ባክቴሪያ ከብልትና ከፊንጢጣ ናሙና ይወሰዳል። ከተገኘብሽ ፔኒሲሊን በደም ሥር የሚሰጥሽ ምጥ ላይ ነው፤ ከመውለድሽ ቢያንስ 4 ሰዓት ቀድሞ ቢጀመር ይመረጣል። ስለዚህ ምጡን ቤት ሆነሽ አትግፊ። ይህ ባክቴሪያ አራስን ለደም መመረዝና ለማጅራት ገትር ይዳርጋል።

ብርድ ብርድ ካለሽ፣ ጎንሽን ከወጋሽ፣ ሙቀትሽ 38 (እዚህ ቴርሞሜትር በፋራናይት 100.4 ይላል) ከደረሰ ወይም ውሃ ከፈሰሰሽ ምች ነው ብለሽ ዳማከሴ እየጠጣሽ አትደሪ። የሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድን) ካርድሽንም አትጠብቂ፤ ድንገተኛ ክፍል ሳይመረምር እንዳይመልስሽ ከ1986 ጀምሮ ሕግ አለ። በር ላይ ከሁሉ በፊት እርጉዝ መሆንሽንና ስንተኛ ሳምንት ላይ እንዳለሽ ተናገሪ፤ ከ20 ሳምንት ካለፍሽ ብዙ ሆስፒታሎች በቀጥታ ወደ ማዋለጃ ክፍል ይወስዱሻል።