"አላው" ከማለታችሁ በፊት

ባለፈው ሳምንት አክስቴ ስልኳን ይዛ መጣች። በየአስር ደቂቃው "ስልክዎ በቫይረስ ተጠቅቷል" የሚል ነገር ይመጣባታል። የሰፈሩ ሞባይል ጠጋኝ ፎርማት ካልተደረገ አይለቅም ብሏታል። ፎርማት ቢደረግ እኮ የልጅ ልጆቿ ፎቶ ሁሉ አብሮ ሊሄድ ነበር!

ቫይረስ የሚባል ነገር አልነበረም። ተከታታይ ፊልም ልታይ የገባችበት ዌብሳይት "ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላው የሚለውን ይጫኑ" ሲላት ተጫነችው፣ በቃ። አላው (Allow) ማለት "ፍቀድ" ነው፤ ያንን ስትነካ ዌብሳይቱ ኖቲፊኬሽን፣ ማለትም ስልኩ ላይ ብቅ የሚል መልእክት፣ እንዲልክባት ፈቀደችለት። ሮቦት መሆን አለመሆናችሁን ለማጣራት የኖቲፊኬሽን ፈቃድ አያስፈልግም። እንዲህ የሚል ገጽ ካጋጠማችሁ ወዲያው ውጡ።

አንዴ ከፈቀዳችሁ ገጹን ብትዘጉትም፣ ሂስትሪ ብታጠፉም፣ ስልኩን አጥፍታችሁ ብታበሩም ለውጥ የለውም፤ መልእክቱ የሚመጣው በብሮውዘሩ (ኢንተርኔት በምትከፍቱበት መተግበሪያ) በኩል ነው።

አንድሮይድ ላይ ክሮም ከሆነ የምትጠቀሙት እንዲህ አድርጉ። ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ንኩ፣ ሴቲንግስ ግቡ፣ ሳይት ሴቲንግስ፣ ከዚያ ኖቲፊኬሽንስ። የፈቀዳችሁላቸው ዌብሳይቶች እዚያ ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ። የማታውቁትን ሁሉ አንድ በአንድ ብሎክ አድርጉ። ከጨረሳችሁ በኋላ ከላይ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ ዝጉት፣ ከዚህ ወዲያ የሚጠይቃችሁ አይኖርም።

አይፎን የያዘ ሰው ብዙም አይጨነቅ። እዚያ የዌብሳይት ኖቲፊኬሽን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው፣ እሱም ዌብሳይቱን ራሳችሁ ሆም ስክሪን ላይ ካስቀመጣችሁት ብቻ።

ታዲያ ለማን እንፍቀድ? እኔ ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ መልእክቱ ግማሽ ቀን ዘግይቶ ቢደርሰኝ የሚጎድልብኝ ነገር አለ? ኮምፒውተር ላይ ለምከፍተው የሥራ ኢሜይል እና ካላንደር አዎ። ሥራ ስፈልግ የነበረ ጊዜ ለአንድ የሥራ ማስታወቂያ ገጽ ፈቅጄ ነበር፣ ቀነ ገደቡ ሊያልቅ ሁለት ቀን የቀረው ማስታወቂያ ስለሚያወጡ። ለዜና አልፈቅድም፣ ቴሌግራም ራሱ መች አረፍ አደረገን።

"ዲቪ ደርሶዎታል" የሚል ከመጣ ደግሞ እንዳትነኩት። የዲቪ ውጤት የሚታየው ራሳችሁ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የዲቪ ድረ ገጽ ላይ ገብታችሁ በማረጋገጫ ቁጥራችሁ ነው።

አክስቴ ስልክ ላይ አሥራ አንድ ዌብሳይት ዘጋሁ። አንደኛው ስለ ፀጉር ቅባት ነበር፣ "እሱን እንኳ ተውልኝ" አለችኝ።