የሽንት ካልቸር ምርመራ እንዴት ይሰጣል? ውጤቱስ እንዴት ይነበባል?

ሽንት ሲያቃጥለው ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ብዙ ሰው የሚቀናው ወደ ፋርማሲ ነው። ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ይገዛል፣ ሁለት ቀን ይውጣል፣ ሲሻለው ይተወዋል። ሕመሙ ያገረሸ ጊዜ ያው መድኃኒት አልሠራ ሲለው «ሰውነቴ ለመደው» ይላል። የለመደው ግን ሰውነቱ አይደለም፤ ባክቴሪያው ነው። መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዓለም ዙሪያ ወደ 1.27 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሞት ቀጥተኛ ምክንያት እንደነበሩ ተገምቷል።

የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ የሚነግረን ባክቴሪያውን አብቅሎ የሚያየው የካልቸር ምርመራ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ያስጠብቃል። ምርመራው ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ደግሞ ናሙናው ገና ላቦራቶሪ ሳይገባ ስለሆነ የታካሚው ድርሻ ቀላል አይደለም።

መጀመሪያ፣ ናሙናውን አንቲባዮቲክ ከመጀመርዎ በፊት ይስጡ። አስቀድመው አንድ ፍሬ እንኳ ከዋጡ ሳይደብቁ ይናገሩ፤ ባክቴሪያው ሳይበቅል ቀርቶ «የለም» ሊባል ይችላል። ትኩሳት፣ የጎን ሕመም ወይም ትውከት ካለ ግን ውጤት እስኪመጣ አይጠበቅም፤ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፣ ናሙናው ተሰጥቶ ሕክምናው ወዲያው ይጀመራል።

ቀጥሎ አሰባሰቡ። የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት፣ ካልሆነም አራት ሰዓት ያህል ፊኛ ውስጥ የቆየ ሽንት ይመረጣል። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ሴቶች ከፊት ወደ ኋላ በንጹሕ ውኃ ታጥበው የብልት ከንፈሮቹን በጣት ገለጥ አድርገው ይይዛሉ፤ ወንዶች የብልታቸውን ጫፍ ይታጠባሉ። የመጀመሪያውን ሽንት መጸዳጃው ውስጥ ይልቀቁ፣ መካከለኛውን በዕቃው እስከ ግማሽ ይቀበሉ፣ ቀሪውን ይድፉ። የዕቃውንም የክዳኑንም ውስጠኛ ክፍል አይንኩ። ዕቃው ላቦራቶሪው የሚሰጠው ብቻ ነው። ከቤት ታጥቦ የመጣ የሽሮፕ ጠርሙስ፣ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ፣ አይሆንም።

ጊዜው ደግሞ ለወሎ ሰው የተለየ ጉዳይ ነው። ናሙናው በሁለት ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት፤ ካልሆነ በ4 ዲግሪ ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። የሽንት ኢንፌክሽን የሚያመጣው ኢ.ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ሙቀት ከተመቸው በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናል። ከባቲ ቆላ በቦርሳ ተይዞ ኮምቦልቻን አልፎ፣ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ በሚደርስ ሽንት ውስጥ 1,000 የነበረው ባክቴሪያ በሦስት ሰዓት ከ500,000 ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ሽንቱን ይዘው ሳይሆን ራስዎ ሄደው እዚያው ይስጡ።

ላቦራቶሪው አንድ ማይክሮ ሊትር ብቻ በሚይዝ ቀለበት ሽንቱን ባክቴሪያ በሚያበቅል ሳህን ላይ ያሰምራል። በማግሥቱ የበቀለው እያንዳንዱ ነጠብጣብ በሚሊ ሊትር 1,000 ተብሎ ይቆጠራል፤ 100,000 እና ከዚያ በላይ ከሆነና የሕመም ምልክት ካለ ኢንፌክሽን ነው ይባላል። ከዚያ ባክቴሪያው ሌላ ሳህን ላይ ይቀባና ሽንብራ የምታህል፣ መድኃኒት ውስጥ የተነከረች ክብ ወረቀት ትቀመጥበታለች። በሦስተኛው ቀን በወረቀቷ ዙሪያ ያልበቀለው ክብ በማስመሪያ ይለካል።

ውጤቱ ላይ «ኤስ» (S) ማለት መድኃኒቱ ይሠራል፣ «አር» (R) አይሠራም፣ «አይ» (I) ደግሞ መጠኑ ከፍ ሲል ወይም መድኃኒቱ በሚከማችበት ቦታ ሊሠራ ይችላል ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ሰፊ ክብ ያለውን መድኃኒት የተሻለ ያደርገዋል። በብዙ አገሮች በሚሠራበት አንድ መለኪያ ለኢ.ኮላይ የሲፕሮፍሎክሳሲን (የሲፕሮ) ክብ 20 ሚሊ ሜትር ቢሆን «አር» ነው፤ የሌላው አንቲባዮቲክ፣ የናይትሮፉራንቶይን፣ 18 ሚሊ ሜትር ግን «ኤስ» ነው። እያንዳንዱ መድኃኒት የራሱ ልክ አለው፤ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አያወዳድሩ። ናይትሮፉራንቶይንም ቢሆን ለፊኛ እንጂ ኩላሊት ለደረሰ ኢንፌክሽን አይሆንም፤ ምርጫው የሐኪሙ ነው። የሚዋጥ «ኤስ» ካለ መርፌ ለምን እንደታዘዘ መጠየቅ ግን መብትዎ ነው፤ እኔ ብሆን እጠይቃለሁ።

ረመዳን ከሆነ ወይም ሌላ ጾም ከያዙ ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ፤ በቀን አራት ጊዜ የሚወሰደውን በራስዎ ወደ ሁለት አይቀንሱ። መድኃኒቱን ከጀመሩ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ካልተሻለዎት የውጤቱን ወረቀት ይዘው ይመለሱ።