ፖስተሩን አይተው «ምንድን ነው እሱ?» እንዳይሏችሁ

የዝግጅታችሁ ፖስተር «የማንነት ጥላዎች፦ ጥበባዊ ዳሰሳ» ይላል እንበል። እስቲ ይሄ ምንድን ነው? ግጥም ነው? ሥዕል ነው? ስብሰባ ነው? ጅማ፣ አጂፕ ሰፈር ባጃጅ የሚጠብቅ ሰው ቀና ብሎ ያየዋል፣ ባጃጁ ሲመጣ ገብቶ ይሄዳል። በቃ፣ አመለጣችሁ።

ሥራችሁ ስለ ጅማ በርጩማ ጠራቢዎች የፎቶ ዐውደ ርእይ ነው እንበል። ታዲያ እሱኑ በሉዋ! «ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ከአንድ ወጥ እንጨት ሲፈለፈል የሚያሳዩ ፎቶዎች። ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ። መግቢያ በነፃ።» ርእሱ ቅኔ ቢሆንም ግድ የለም፣ ከሥሩ ግን ይሄ ይጻፍ። ቦታውንም ባጃጅ ነጂው በሚያውቀው ምልክት ንገሩ።

ከዚያ በፊት ለማን እንደምትጽፉ ወስኑ። «ለሁሉም» መልስ አይደለም። ጠራቢው ማወቅ የሚፈልገው ፎቶው በማን ስም እንደሚቀርብ ነው፣ ተማሪው ቅዳሜውን ትቶ ቢመጣ ምን እንደሚያይ፣ ገንዘብ የምትጠይቁት ሰውዬ ደግሞ ስንት እንደሚፈጅና ምን ላይ እንደሚውል። ሦስቱንም በአንድ ጽሑፍ እናርካ ስትሉ ነው «ዘርፈ ብዙ»፣ «ሁለንተናዊ» ምናምን የሚባለው ሰተት ብሎ የሚገባው። ለየብቻ ጻፉ። አራት መስመር ይበቃል።

ቋንቋም አለ። ጅማ ላይ በአማርኛ ብቻ ከለጠፋችሁ ብዙ ሰው ትታችኋል። አፋን ኦሮሞውን ከአማርኛው ቃል በቃል አታስገልብጡ፤ በቋንቋው አፉን የፈታ ሰው ስለ ሥራው ይስማና በራሱ አነጋገር ይጻፈው። (ማሽን የተረጎመው ከሩቅ ያስታውቃል።)

አሁን ሞክሩት። ስለ ሥራው ምንም ለማታውቅ ሰው፣ ለምሳሌ ቡና ለምታፈላዋ ልጅ፣ አንዴ ብቻ አንብቡላትና አጠገቧ ለተቀመጠው ሰው እንድትነግረው ጠይቋት። «ስለ ባህል ነው መሰለኝ» ካለች እንደገና ጻፉ። «በርጩማ ሲሠራ የተነሣ ፎቶ ቅዳሜ ይታያል» ካለች ለጥፉት። መሀል ገብቶ ማረም ክልክል ነው፤ ፖስተሩ ሥር ቆማችሁ ለአላፊ አግዳሚው አታስረዱም።

ሄርማታ ገበያ አካባቢ የምትለጥፉትን ከሐሙስ በፊት አድርሱት፣ የገበያ ቀን ነው። ቴሌግራም ላይ ስትለቁት ደግሞ ቀኑንና ቦታውን ምስሉ ውስጥ ብቻ አትቅበሩ፤ ኔትወርክ ሲደክም ምስሉ አልከፈት ይላል፣ በጽሑፍ የተላከው ግን ይነበባል።