ሂተር ከመግዛታችሁ በፊት ጣራችሁን እዩ

ጎንደር ቤት የምትከራዩ ወይም የምታድሱ ካላችሁ ይቺን ልንገራችሁ። ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። መጋቢትና ሚያዝያ ቀኑ ያቃጥላል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ይቆረጥማል። ለሁለቱም ግን ብዙ ብር አታውጡ።

መጀመሪያ ኮርኒስ። ጣራው ባዶ ቆርቆሮ ከሆነ ምንም ብትገዙ ሙቀቱ አይያዝላችሁም። እኔ ማራኪ ሰፈር በተከራየሁት ቤት የማዳበሪያ ኮርኒስ አስወጠርኩ፣ የበሩን ሥር በአሮጌ ጋቢ ደፈንኩ። በዚያው ሳምንት በብርድ መንቃት ቀረልኝ።

ለሙቀቱ ቬንትሌተር ይበቃል። ማታ ውጭው ሲቀዘቅዝ ክፍት መስኮት አጠገብ አድርጉት። ቀን ፀሐይ በሚመታው በኩል መጋረጃ ዝጉ። ኤሲ እዚህ አያስፈልግም ባይ ነኝ።

ሂተር ቆጣሪ ይበላል። ባለ 2,000 ዋቱ በ1 ሰዓት የሚጨርሰውን መብራት፣ ባለ 50 ዋት ቬንትሌተር የሚጨርሰው በ40 ሰዓት ነው። የግድ ከሆነ ሲሞቅ ራሱ የሚቆርጥ፣ ሲወድቅም የሚጠፋ ምረጡ። ማከፋፈያ ላይ አትሰኩት፤ ቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሁን። የእኔን ማከፋፈያ ቀዳዳው ቡናማ ሆኖ፣ ቀልጦ፣ የተቃጠለ ላስቲክ እየሸተተ ነው ያገኘሁት።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ አደራ፣ ከሰል አቀጣጥላችሁ በተዘጋ ክፍል እንዳትተኙ። የሚገድለው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። ይልቅ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሙሉ፣ ክዳኑን አጥብቁ፣ በፎጣ ጠቅልሉና እግራችሁ ሥር አድርጉት።