የታይሮይድ ሆርሞንና ቫይታሚን ቢ በአንድ ክኒን፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ታይሮይድ የሚባለው የአንገት እጢ ሆርሞን ላነሰው ሰው የሚታዘዘውን የታይሮይድ ሆርሞን (አብዛኛውን ጊዜ ሌቮታይሮክሲንን) ከቢ ቫይታሚኖች ጋር አንድ ላይ የያዙ ክኒኖች አሉ። ካርቶኑ ላይ ቫይታሚን የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው ቶሎ ይዘናጋል። ሆርሞኑ ግን በማይክሮግራም ተለክቶ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው፤ ማይክሮግራም ደግሞ የሚሊግራም አንድ ሺህኛ ነው። ትንሽ ለውጥ እንኳን ሰውነት ላይ ይታያል።

ድካም ሲበዛ አንድ ጨምሮ መዋጥ

ሁለት ክኒን የዋጠ ሰው ቫይታሚኑን ብቻ ሳይሆን ሆርሞኑንም እጥፍ አድርጓል። ሆርሞኑ ሲበዛ ልብ በኃይል ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ነገሩ ሲቆይ የልብ ምት ሊዛባና አጥንት ሊሳሳ ይችላል። ክብደት ለመቀነስ ብሎ መውሰድማ ጭራሽ አደገኛ ነው። የእርስዎን ክኒን ለደከማት ጓደኛዎም አያካፍሉ።

ከቁርስ ጋር መውሰድ

ቫይታሚን ከምግብ ጋር መዋጥ የለመደ ሰው እዚህ ይሳሳታል። ሌቮታይሮክሲን ባዶ ሆድ ይፈልጋል። ከቁርስ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብለው በውሃ ብቻ ይዋጡት። ቡናም ይቆይ፤ ሆርሞኑ በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል። ጠዋት ካልተመቸዎት ከእራት 3 ሰዓት በኋላ ማታ መውሰድም ይቻላል፤ ግን ሐኪምዎን ያማክሩና ሰዓቱን አይቀያይሩ።

ካልሲየምና አይረን አብሮ መዋጥ

እነዚህና አንዳንድ የጨጓራ መድኃኒቶች ሆርሞኑን አንጀት ውስጥ ይይዙታል። የ4 ሰዓት ልዩነት ያስፈልጋል። ማዕድን ያለበት መልቲቫይታሚንም እንደዚያው ነው።

ለደም ምርመራ ሲሄዱ ስለ ባዮቲን አለመናገር

ብዙ ሰው የማያውቀው ይሄኛውን ነው። ባዮቲን ቫይታሚን ቢ7 ነው። በብዙ ላቦራቶሪዎች የታይሮይድ ምርመራ የሚሠራው ራሱ ባዮቲንን በሚጠቀም ዘዴ ነው። ደም ውስጥ ብዙ ባዮቲን ካለ ቲኤስኤች (አንጎል ታይሮይድን የሚያዝበት ሆርሞን፤ የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ ይቀንሳል) ከእውነቱ ዝቅ ብሎ፣ ቲ4 (ራሱ የታይሮይድ ሆርሞን) ደግሞ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። ወረቀቱ ላይ ሆርሞኑ የበዛብዎት ይመስላል። ሐኪሙ ያንን አይቶ መጠኑን ሲቀንስ፣ እርስዎ የሆርሞን ማነስ ወደሚያመጣው ድካምና ብርድ ይመለሳሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ባዮቲን የላቦራቶሪ ውጤት እንደሚያዛባ በ2017 አስጠንቅቋል።

ለአዋቂ በቀን በቂ የሚባለው 30 ማይክሮግራም ነው። ለፀጉርና ለጥፍር የሚሸጡት ግን 5,000 ወይም 10,000 ማይክሮግራም ሊይዙ ይችላሉ። ስለዚህ የክኒንዎን ይዘት ያንብቡ፤ ሁሉም ባዮቲን የለባቸውም። ለብቻው የሚወሰድ ባዮቲን ከሆነ ከምርመራው ቢያንስ 2 ቀን በፊት ማቆም የተለመደ ምክር ነው። ጥምር ክኒን ሲሆን ግን ባዮቲኑን ያቆመ ሆርሞኑንም አቆመ ማለት ነው፤ ይህን በራስዎ አይወስኑ። በእኔ አስተያየት የጥምር ክኒን ትልቁ ጉድለት ይሄ ነው፤ አንዱን ሳይነኩ ሌላውን ማስተካከል አይቻልም። ሁለቱን ለየብቻ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ አይከፋም።

ሌላ ቢ ኮምፕሌክስ መደረብ

ሽንት ደማቅ ቢጫ ቢሆን አይደንግጡ፣ የቢ2 ሥራ ነው። ቢ6 ግን በከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ነርቭ ይጎዳል፤ እግርና እጅ ይደነዝዛል። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስም ማደንዘዝ ስለሚችል ጥፋቱ በቀላሉ በታይሮይዱ ይላከካል። ፎሊክ አሲድ ደግሞ በቢ12 እጥረት የመጣውን ደም ማነስ ሸፍኖ የነርቭ ጉዳቱ ሳይታወቅ እንዲቀጥል ያደርጋል።

ተሻለኝ ብሎ ማቆም

ሌቮታይሮክሲን ደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 7 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ያቆመ ሰው መጀመሪያ ምንም ስለማይሰማው "ሳልወስደውም ደህና ነኝ" ይላል። ችግሩ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። መጠን ከተቀየረ በኋላም ቲኤስኤች የሚለካው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ በሳምንቱ መሮጥ ትርጉም የለውም።

እርግዝናን ለቀጠሮ ማቆየት

በእርግዝና የሆርሞን ፍላጎት ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ ይጨምራል፤ የጽንሱ የአንጎል እድገትም በእናቱ ሆርሞን ላይ የተመሠረተ ነው። ማርገዝዎን እንዳወቁ ክኒኑን ሳያቋርጡ በዚያው ቀን ሐኪምዎ ጋ ይደውሉ።